ካሊበሩን ተዉትና ተሸካሚውን እዩት

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ከባድ መሣሪያ ወሬ ከተነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ካሊበሩ፣ ማለትም የቱቦው የውስጥ ስፋት፣ "ስንት ሚሊ ሜትር ነው?" የሚል ነው። ሰሞኑን ደግሞ በባለ ጎማ ቀላል ተሽከርካሪ ላይ የታንክ መድፍ የተገጠመበትን ቪዲዮ እያጋሩ "በቃ፣ ታንክ አበቃለት" የሚሉ በዝተዋል። በዚህ ዘመን፣ በዚህ ከተማ ስለ መድፍ መጻፍ ደስ አይልም። ግን ወሬው ከተወራ አይቀር በደንብ ይወራ። ትልቁ ጥያቄ መድፉ ሲተኮስ ርግጫውን፣ ማለትም ወደኋላ የሚገፋውን ኃይል፣ የሚችለው ማን ነው የሚለው ነው።

ከደንገል ታንኳ ወደ ዳር የዘለለ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አንተ ወደፊት ስትሄድ ታንኳዋ ወደኋላ ትሸሻለች፤ ቀላል ከሆነች ደግሞ ይብስባታል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 10 ኪሎ የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 1000 ሜትር ሲወጣ፣ 1 ቶን የሚመዝን የመድፍ ቱቦ በሰከንድ 10 ሜትር ወደኋላ ይወረወራል። የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር ነው። ቱቦውን በ25 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ላቁምህ ካልከው ቱሬቱ (መድፉን ይዞ ተሽከርካሪው ላይ የሚዞረው ክፍል) ላይ 20 ቶን ያህል ግፊት ያርፋል። 1 ሜትር እንዲንሸራተት ከፈቀድክለት ወደ 5 ቶን ይወርዳል። ጥይቱም ያው፣ መድፉም ያው ነው።

ፈረንሳዮች ይህን በ1897 እ.ኤ.አ. በ75 ሚሊ ሜትር መድፋቸው አሳይተዋል። ቱቦው ከአንድ ሜትር በላይ ወደኋላ ይሸሽና በዘይትና በታመቀ አየር ኃይል ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ በፊት መድፍ በተተኮሰ ቁጥር ከነመንኮራኩሩ ስለሚንሸራተት፣ መልሶ ገፍቶ እንደገና ማነጣጠር ግድ ነበር።

ታዲያ ቱሬት ውስጥ አንድ ሜትር ከየት ይምጣ? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ለቱቦው መሸሻ ቦታ ልስጥ ካልክ ቱሬቱ ይተልቃል፤ ሲተልቅ ይከብዳል። አፈሙዙ ላይ ጋዙን ወደ ጎንና ወደኋላ የሚመልስ ብሬክ ብትገጥም ርግጫው ይቀንሳል፣ ጩኸቱና አቧራው ግን አጠገቡ ላለው ወታደር ይተርፋል። ቱቦውን መጀመሪያ ወደፊት አስፈንጥሮ እየሄደ ሳለ መተኮስም አለ። ዘዴው በጣም ያምረኛል። ግን ጥይቱ ሳይነሳ ከቀረ ወደፊት የተወረወረውን ቱቦ የሚያቆም ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

አሜሪካኖች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሼሪዳን የተባለ፣ አካሉ ከአሉሚኒየም የሆነ 15 ቶን ገደማ የሚመዝን ተሽከርካሪ ሠርተው 152 ሚሊ ሜትር መድፍ ጫኑበት። ሲተኮስ የፊት ክፍሉ ከመሬት ይነሳ ነበር። ንዝረቱ ከዚያው መድፍ የሚተኮሰውን ሚሳይል ኤሌክትሮኒክስ ሳይቀር ያውክ ነበር።

"ኤም 777ስ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይህ 155 ሚሊ ሜትር መድፍ በቲታኒየም ተሠርቶ ክብደቱ 4.2 ቶን ገደማ ሆኗል፤ ከሱ በፊት የነበረው ከ7 ቶን በላይ ነበር። ግን እሱ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚተኩሰው። ቱሬት ይህ ዕድል የለውም።

ክብደት መቀነሱ ራሱ ትክክል ነው። 60 ቶን ታንክ የሚሸከም የገጠር ድልድይ ስንት አለን? ከጣና በስተምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ነበር። መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት ለወራት ተጎትቷል።

የማልስማማው ክብደቱ ከየት ይቀነስ በሚለው ላይ ነው። የቱሬቱን ቆርቆሮ ማሳሳት ለዓይን ይቀላል፣ ሚዛን ላይም ወዲያው ይታያል። ነገር ግን ቀላል ይሁን ተብሎ ከአሉሚኒየም ከተሠራ፣ ብየዳው ዙሪያውን ያለውን ብረት በሙቀት ያደክመዋል። እዚያ ላይ ግፊቱ ሲደጋገም መጀመሪያ ማዕዘኑ ጋ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። በአምስተኛው ጥይት ላትታይ ትችላለች፤ የኤግዚቢሽን ቪዲዮ ደግሞ ከአምስት ጥይት በላይ አያሳይም። ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦው ወደኋላ የሚሸሽበት ርቀት ይርዘም፣ ቀጥሎ የአፈሙዝ ብሬኩ ይምጣ፣ ብረት ማሳሳቱ የመጨረሻ ይሁን እላለሁ።

በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት እርዳታ የተከፈተው የከተማችን ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኖ መካኒካል ኢንጂነሮችን ያስመርቃል። ከመመረቂያ ሥራዎቹ አንዱ የተበየደ አሉሚኒየምን ደጋግሞ እየመታ ስንጥቁ የት እንደሚጀምር ቢያሳየን ደስ ይለኛል። መድፍ አያስፈልገውም። ብየዳው ያው ስለሆነ ለጭነት መኪና ሳጥንም ይጠቅማል።