የእማዬ ሲሶ

ባለፈው በጋ የሥራ ባልደረባዬ እዚህ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ የድሮ የገበሬ ቤት ልታሳየኝ ወሰደችኝ። እንግሊዞች ይገዙ በነበረበት ዘመን የተሠራ የእንጨት ቤት ነው። አስጎብኚዋ ስለ ጣሪያው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ እሳት ማንደጃው ብዙ አወራች። እኔ ግን አንድ ነገር ላይ ቀረሁ። በዚያ ዘመን ባል ሲናዘዝ ለሚስቱ ምን ያስጽፍላት እንደነበር ነገረችን። የትኛው ክፍል የሷ እንደሚሆን። በየትኛው በር እንደምትገባና እንደምትወጣ። ከጉድጓዱ ውሃ መቅዳት እንደምትችል። የምትታለብ ላም። ቤቱን የወረሰው ልጅ በየዓመቱ ምን ያህል ማገዶ ፈልጦ እንደሚያቀርብላት ሳይቀር በኑዛዜ ይጻፍ ነበር አለችን።

ሌላው ጎብኚ ፈገግ አለ። እኔ እንባዬ መጣ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አባታችን ያረፈው ካቻምና ነው፣ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ። ስድስት ጥማድ መሬትና አንድ የቆርቆሮ ቤት ትቷል። ወረቀት ግን አልተወም። ሕመሙ ሲጠናበት በስልክ "ኑዛዜ ይጻፍ" ብዬ ነበር። ዘመድ ሁሉ ተነሳብኝ። "ሳይሞት ልትቀብሪው ነው ወይ? አታሟርቺ!" ተባልኩ። ዝም አልኩ። አሁን ታላቅ ወንድማችን መሬቱን ጠቅልሎ ይዞታል። ታናሽ እህቴ ድርሻዋን ስትጠይቀው "አንቺ ባል አግብተሽ ሄደሻል፣ ያቺም አሜሪካ ናት፣ ያረስኩት እኔ ነኝ" አላት። እማዬ የገዛ ቤቷ ውስጥ ጓዳ ገብታለች። ሳሎኑን የያዘችው ምራቷ ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህን አገር የድሮ ውርስ ሳነብ ነው የከረምኩት። እንግሊዝ አገር ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ መሬቱን በሙሉ የሚወስደው የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ነበር። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው ቨርጂኒያ ይህንኑ ይዛ መጣች። ማሳቹሴትስ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1641 ሌላ ሕግ አወጣች። በኩሩ ልጅ እጥፍ ድርሻ ይወስዳል፣ የቀረውን ሌሎቹ ይካፈላሉ። ይህን ያመጡት ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ነው። እኛ ብኩርናን የምናውቀው ኤሳው በምስር ወጥ በሸጠው ነው፤ እነሱ መሬት ለኩበት። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ በሕይወት እስካለች የመሬቱን ሲሶ ትይዛለች። መሸጥ አትችልም፣ ግን ማንም አያስነሳትም። ሲሶ! ቃሏን ሳነብ እማዬ ፊቴ ድቅን አለች።

ሴቶቹ ልጆች ተጠቀሙ ማለቴ አይደለም። ሕጉ ድርሻ ቢሰጣቸውም አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ መሬቱን ያስቀሩና ለእህቶቻቸው ላም፣ ድስትና የአልጋ ልብስ ይሰጧቸዋል። ያገባች ሴት ያመጣችው መሬት ቢኖር እንኳ የሚያዝበት ባሏ ነው። ያም ሆኖ ነገሩ ተጽፏል። የሚከራከር ሰው የሚይዘው ነገር አለው።

የተከራከረም አለ። ከስመ ጥሩው የዊንትሮፕ ቤተሰብ አንዱ፣ ዌይት ዊንትሮፕ፣ በ1717 ሳይናዘዝ ሞተ። ጆን የሚባል ወንድ ልጅና አን የምትባል ሴት ልጅ ነበሩት። ጆን የእንግሊዝን ሕግ ይዞ መሬቱ በሙሉ የኔ ነው አለ። አን ከባሏ ጋር ሆና መሬቱ ያለበት የኮነቲከት ቅኝ ግዛት ሕግ ድርሻ ይሰጠኛል አለች። ጆን ባሕር ተሻግሮ ለንደን ድረስ ሄደና የንጉሡ ምክር ቤት ፊት ቆመ። በ1728 ፈረዱለት። የኮነቲከትን የውርስ ሕግም አብረው ሻሩት። በዚያ ሕግ ርስታቸውን ተካፍለው የኖሩ ሰዎች ምን ያህል እንደደነገጡ አስቡት። ሁሉም የመጣው በአንድ ወንድምና በአንዲት እህት ጠብ ነው። አንብቤ ስጨርስ ለእህቴ ደወልኩላት። "የኛ ቢጤ ናቸዋ" አለችኝ።

ያበሳጨኝ ነገርም ብዙ ነው። ያ ሁሉ በጥንቃቄ የተከፋፈለው መሬት በፊት የሌላ ሕዝብ ርስት ነበር። ቨርጂኒያ ደግሞ በ1705 ባወጣችው ሕግ ባሪያ የተባሉትን ጥቁር ሰዎች እንደ መሬት ቆጠረቻቸው። ርስት እንደሚወረስ ሰው ተወረሰ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን በኩር ልጅ ብቻ የሚወርስበትን ልማድ ለማስቀረት ሲታገል፣ ቢያንስ እጥፍ ድርሻ ይሰጠው ላሉት ሰው የመለሰው መልስ ደስ ይላል። በኩሩ እጥፍ የሚበላ ወይም እጥፍ የሚሠራ ከሆነ እጥፍ ይውሰድ፣ ካልሆነ ግን እኩል ይካፈል ነው ያለው። በ1785 ሕጉ ወጣለት። እሱ ራሱ ግን ከአባቱ መሬትም ሰውም ወርሷል። ይህን ሳስብ ንዴቴ አይበርድም። መጻፍ በደልንም ያጸናል።

ወንድሜንም ልበድለው አልፈልግም። ማሳቹሴትስ ውስጥ አንዶቨር በምትባል መንደር አባቶች ልጆቻቸውን ድረው መሬት ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ የባለቤትነቱን ወረቀት ግን እስኪሞቱ አይለቁም ነበር። ልጅ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያርሳል፣ ያረሰው ግን የአባቱን ነው። ወንድሜም እንደዚያው ነው የኖረው። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስወጣ እሱ በሬ ጠምዶ ነበር። አባባ ቁጭ አድርጎ "ይህ የድካምህ ነው፣ ይህ የእህቶችህ ነው፣ ይህ የእናትህ ነው" ቢለውና ቢያስጽፈው ኖሮ ዛሬ ክፉ ሰው አይባልም ነበር።

"ሴት አግብታ ሄደች" የምትለዋ ግን አትዋጥልኝም። ከየት አመጣት? በጎጃም ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር። ቅድመ አያቶቻችን በእናታቸው ወገን ቆጥረው ርስት ሲጠይቁ ኖረዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1967 መሬት የመንግሥት ሆነ፣ ያ አሠራር ቀረ። ዛሬ ያለን ይዞታ ነው፣ እሱም ለልጅ ያልፋል፣ ለሴትም ለወንድም። የይዞታ ደብተሩ ላይ ደግሞ የአባባ ብቻ ሳይሆን የእማዬም ስምና ፎቶ አለ። እንኳን ሲሶ፣ ግማሹ የሷ ነው! ደብተሩ ግን ወንድሜ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። ሁለቱም ጊዜ ቡና ተጠጥቶ፣ ተመራርቆ፣ ምንም ሳይጻፍ ተነስተዋል። እህቴ ፍርድ ቤት ልሂድ ስትል እማዬ "በልጄ ላይ አልመሰክርም" ብላ አለቀሰች።

ባለፈው እሁድ ስደውልላት ማገዶ ማን እንደሚያመጣላት ጠየቅኳት። የጎረቤት ልጅ ናት አለችኝ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ።