ከክፍያ ጣቢያው ወዲህ ሌላ ሾፌር

አዳማ ውስጥ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ያለ ሰው አንድ ወሬ አያመልጠውም። «መጡ ደግሞ!» ይባላል። የመጡት ታርጋቸው ላይ «አአ» የተጻፈባቸው መኪኖች ናቸው። ወደ ሶደሬ የሚወርድ አለ። ወደ አሰላ ወይም ወደ አዋሽ የሚያልፍ አለ። ለስብሰባ የመጣም አለ፤ አዳማ ያለ ስብሰባ ውላ አታውቅም። ከዚያ እርግማኑ ይጀመራል። የአዲስ አበባ ሾፌር ትዕግሥት የለውም፣ ለእግረኛ አይቆምም፣ እጁ ከክላክስ ላይ አይነሳም።

እሁድ ማታ ደግሞ ተራው የእንግዳው ነው። አዲስ አበባ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ የአዳማን ባጃጅ ይረግማል። ፍሬቻ አያውቁም፣ መሀል መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ ከየት እንደሚወጡ አይታወቅም።

ሁለቱም የሚያወሩት ያዩትን ነው። እኔ የማልስማማው ከወሬው በኋላ በሚመጣው ፍርድ ነው። «የኛ ሰው ሥነ ሥርዓት የለውም፣ በቃ!» ይባልና ቡናው ይቀጥላል። ይህ ፍርድ የሚወደደው ማንንም ሥራ ስለማያስይዝ ይመስለኛል።

ማስረጃዬ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር እኛ አገር ይህ አይሆንም ያለ ብዙ ሰው ነበር። መንገዱ በየአቅጣጫው ሦስት መስመር አለው። መሀሉ ተከፍሏል፤ ዳርና ዳሩ ታጥሯል። የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ባጃጅ አይገባም፣ ጋሪ አይገባም፣ እግረኛም አይገባም። ከአዲስ አበባ መውጫው ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ ተቀብለህ ትገባለህ፤ በሄድክበት ርቀትና በመኪናህ ዓይነት ከፍለህ ትወጣለህ።

ታዲያ ያን ሥነ ሥርዓት የለውም የተባለ ሾፌር እዚያ ላይ እዩት። መስመሩን ይይዛል። ክላክስ አይነካም። መክፈያው ጋ ሲደርስ ወረፋውን ይጠብቃል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ቃሊቲ ላይ በሁለት መኪና መሀል አፍንጫውን ሲሰነቅር የነበረው እኮ ይኸው ሰውዬ ነው! በመሀል ማንም አልመከረውም፣ ማንም አላስተማረውም። የተለወጠው መንገዱ ነው።

ፍጥነት መንገዱ ላይ ሁሉም መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። በግራ መስመር ላይ በ80 እየነዳ ስልክ የሚያወራ ሰው አለ። ከኋላው መብራት ቢያብለጨልጩበት አይሰማም። ከፍዬ ገብቻለሁ፣ ማን ያነሳኛል የሚል ይመስላል። ከኋላ ያለው ይሰለቸውና በቀኝ ይቀድመዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ቻርጁ እንዳያልቅበት ቀስ የሚል አለ። ቀስ ማለቱ መብቱ ነው፤ ብቻ በቀኝ ይሁንለት። እነሱን ሁሉ በ150 ሽው ብሎ የሚያልፍ አለ። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ከፍጥነቱ እኩል የሚያስፈራው የፍጥነቱ ልዩነት ነው።

ለሚበሩት አንድ ስሌት ላቅርብ። መንገዱን ወደ 80 ኪሎ ሜትር እንበለው። በ120 ብትነዳ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በ140 ብትነዳ 34 ደቂቃ አካባቢ። ነፍስህን አስይዘህ ያተረፍከው 6 ደቂቃ ነው። እሁድ ማታ ቱሉ ዲምቱ ላይ ያለውን ሰልፍና ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃሊቲን የሚያውቅ ሰው፣ 6 ደቂቃዋ የት እንደምትቀልጥ አይጠፋውም።

እንዲያውም ለመቆጣጠር ከተፈለገ በየሜዳው ካሜራ መትከል ላያስፈልግ ይችላል። የገባበትና የወጣበት ሰዓት ቢመሳከር ይበቃል። 80 ኪሎ ሜትሩን በ30 ደቂቃ የጨረሰ ሰው በአማካይ በ160 ነድቷል። ምን ብሎ ይከራከራል? ትራፊክ ተደብቆ ያዘኝ እንኳ አይል።

ዋናው ነገሬ ግን ከክፍያ ጣቢያው ወዲህ ስላለው መንገድ ነው።

በ120 ስትነዳ በሰከንድ 33 ሜትር ታልፋለህ። ለ40 ደቂቃ እንዲያ የሄደ ዓይን ያንን ይለምዳል። ከዚያ ወጥተህ በ70 ስትነዳ የቆምክ ይመስልሃል። ይህ ጥጋብ አይደለም፤ የሰው አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። በየትኛውም አገር ከፈጣን መንገድ የወጣ ሾፌር ይደርስበታል። የፍጥነት መቁጠሪያውን ካላየ ስሜቱ ይዋሸዋል። 70 ደግሞ ለአዳማ ብዙ ነው። እዚህ ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ አለ፣ ዘምቢል ይዛ የምትሻገር እናት አለች። በ120 የሚሄድ መኪና የተሸከመው ጉልበት በ40 ሲሄድ ከሚሸከመው 9 እጥፍ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት አጭር መንገድ ውስጥ መራገፍ አለበት። ይህን ለሾፌሩ የሚያስታውሰው ነገር ደግሞ በጣም ጥቂት ነው።

አንድ ቀን ፍራንኮ አካባቢ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። አንድ የቤት መኪና በግራችን ነፋስ እያስነሳ አለፈ። እኔ ልራገም አፌን ስከፍት ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ቀደመኝ። ሳቅ እያለ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ገና ከፍጥነት መንገዱ አልወጣም» አለኝ። ሁለት ገጽ የምጽፍበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

የአዲስ አበባው ሾፌር ይዞት የሚመጣው ሌላም ነገር አለ፤ መጋፋት። አዲስ አበባ ውስጥ ከፊትህ ክፍተት ከተውክ ሌላው ይገባበታል። ጨዋ የሆነ ሰው ሥራ ይረፍድበታል። ስለዚህ ሁሉም ይጠጋል። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ይፈጥናል። መውጫ እንደሌለ እያየ መስቀለኛው ውስጥ ይገባና አራቱንም አቅጣጫ ዘግቶ ይቆማል። ያስቆጣል፤ ግን እብደት አይደለም። እዚያ ያዋጣል። ያንኑ ይዞ አዳማ ሲገባ ነው ጉዱ። እዚህ ከፊቱ ያለው ባጃጅ ነው። ባጃጅ ደግሞ ሳይናገር ይቆማል።

ለምን ሳይናገር ይቆማል? እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። «ወራጅ አለ!» የምንለው እኛ ነን። የምንለውም የምንወርድበት በር ላይ ስንደርስ ነው። ሃያ እርምጃ ወደ ፊት ቢያወርደን እናጉረመርማለን። «እዚህች ጋ አልኩህ እኮ!» ብዙው ልጅ የሚነዳው የሌላ ሰው ባጃጅ ነው፤ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስረክባል። የሚተርፈው ከዚያ በላይ ያገኘው ነው። ስለዚህ መንገድ ዳር እጅ ያነሳ ሰው ሁሉ ለእሱ እንጀራ ነው። ያንን ሰው ሌላው ባጃጅ ሳይቀድመው መድረስ አለበት። የሚቆምበት የተለየ ቦታ ከሌለ የት ይቁም? አስፋልቱ ላይ ነዋ።

ባጃጁንና የቤት መኪናውን ስንረግም የምንረሳው ሦስተኛ ሾፌር አለ፤ የጂቡቲ መስመር ሾፌር። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በጂቡቲ ወደብ ነው የሚያልፈው። የሞጆ ደረቅ ወደብ ጎረቤታችን ነው። ባቡሩ በ2009 ዓ.ም. ቢመረቅም አዳማ ከተሳቢና ከቦቴ አላረፈችም። እነዚህ ሾፌሮች የራሳቸው መግባቢያ አላቸው። ከኋላቸው ስትሆን ቀኝ ፍሬቻ ካበሩልህ «እለፍ» ነው፤ ግራ ካበሩ «ቆይ፣ ከፊት መኪና አለ» ነው። ከፊት የሚመጣ ሰው መብራት ካርገበገበልህ ወደ ፊት ትራፊክ ቆሟል ማለት ነው። ገጠር መንገድ ላይ ይህ ብዙ ሰው ከግጭት ያተርፋል። ከተማ ውስጥ ግን ፍሬቻው መታጠፍ ነው። የመብራቱ ነገርማ ከባድ ነው፤ አንዱ ጋ «ግባ»፣ ሌላው ጋ «መጣሁልህ» ነው። ሦስቱም ሾፌሮች አንድ አደባባይ ላይ ሲገናኙ እያንዳንዱ በራሱ ሕግ ትክክል ነው።

ይህን ማን አስተማረን? ማንም። ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ ያወጣነው ሜዳ ላይ ወደ ኋላ እየነዳን፣ ዳገት ላይ ሞተር ሳናጠፋ በመነሳት ነው። ከፈጣን መንገድ ሲወጡ ምን እንደሚደረግ ፈተና ላይ አልመጣብንም።

አንድ ነገር ላይ ግን መንገዱን አልከስም። ከባድ መኪና ይበላሻል። ሾፌሩ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ይጥላል። ይጠግናል። ይሄዳል። ድንጋዩ እዚያው ይቀራል! ማታ በዚያ የሚመጣው ባለ ሞተር ምን ይሁን? ለዚህ ሰበብ አልፈልግለትም።

ሐዋሳ ደርሶ የመጣ ሰው ደግሞ የሐዋሳ ሾፌር እንዴት ጨዋ ነው ይለኛል። እውነት ነው፣ እዚያ መንዳት ይቀላል። ግን ከተማዋን እዩዋት። ሜዳ ናት። ዋና ዋና ጎዳናዎቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ብስክሌቱ ከድሮ ጀምሮ ብዙ ስለሆነ ሾፌሩ ብስክሌት አለ ብሎ ነው የሚነዳው። ጨዋነቱን ከሐይቁ ውሃ አልጠጣውም። እሱኑ ሾፌር ሜክሲኮ አደባባይ በሥራ መውጫ ሰዓት አስቀምጡትና እንየው።

የሐዋሳም ቀን እየቀረበ ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ባቱ ያለው ክፍል አገልግሎት ላይ ነው። ሙሉው ሲከፈት ሐዋሳ የሚገባው ሾፌር በረጅሙ ዓይኑን ፍጥነት አስለምዶ ነው የሚመጣው። ባጃጁና ብስክሌቱ ይጠብቁታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መውጫው ላይ ሾፌሩን የሚያዘጋጅ ነገር ይሠራ። ጎማው ሲያልፍበት የሚያንገጫግጭ መስመር አስፋልቱ ላይ ይደረግ፤ መጀመሪያ ራቅ ራቅ ብሎ፣ ወደ ከተማው ሲጠጋ ቀረብ ቀረብ ብሎ። ጆሮውና መቀመጫው ይነግሩታል። ከዚያ መንገዱ ጠበብ ይበል፤ ዛፍ ይተከልበት፣ መብራት ይኑረው። ቀጥ ያለ ሰፊ አስፋልት ላይ «30» ብሎ ታፔላ መትከል ብቻውን ለትራፊክ ቅጣት መሰብሰቢያ ከመሆን አያልፍም።

ብሬከር አለ ትሉኝ ይሆናል። የትኛው ብሬከር? ሰፈርተኛው አደጋ ሲሰለቸው አፈርና ድንጋይ ከምሮ የሠራው? ቀለም የለው፣ ምልክት የለው። ማታ ሳታየው ትዘልለዋለህ። የሰፈሩን ሰው አልወቅስም፤ ልጁን ሊያድን ነው። ግን የከተማ መንገድ በእናቶች ምሬት አይነደፍም። ለባጃጁም ከአስፋልቱ ወጣ ያለ መቆሚያ በየተወሰነ ርቀት ይሠራለት። እኛም እዚያ ሄደን እንጠብቀው፤ እዚያ እንውረድ። መቆሚያ ተሠርቶለት መሀል መንገድ ላይ ለሚቆመው ያኔ ቅጣቱ ይጥበቅ፤ እኔም እደግፋለሁ።

መንገድ ብቻውን ሰውን አይለውጥም የሚለኝ አለ። ልክ ነው። ያ በ150 የሚበረው ሰው በመስመር መንገጫገጭ አይመለስም። ለእሱ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን ማመሳከር፣ ቅጣት፣ መንጃ ፈቃድ መያዝ አለ። ብዙኃኑ ግን እንዲያ አይደለም። ብዙኃኑ መንገዱ ያሳየውን ነው የሚነዳው። ያን ቱሉ ዲምቱና አዳማ መካከል በየቀኑ እናየዋለን።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ይኖራል። የፍጥነት መንገዱን የሚያስተዳድረው የፌዴራል ድርጅት ነው። የከተማውን ጎዳና ከተማው ነው። አደጋው ያለው ደግሞ ሁለቱ በሚገጣጠሙበት ላይ ነው። እዚያ ላይ አብረው ይቀመጡ። የጂቡቲ መስመር ሾፌሮችና የባጃጅ ማኅበራትም ይጠሩ፤ ከማንም በላይ ቦታውን ያውቁታል። ለሙከራ አንድ የአዳማ መውጫ ይበቃል። ቀለም፣ መንገጫገጫ መስመር፣ መብራት፣ የባጃጅ መቆሚያ። ከሌላው የመንገድ ሥራ ጋር ሲተያይ ይህ ብዙ ብር አይደለም። ከዓመት በኋላ ትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገቡን አውጥቶ ከበፊቱ ጋር ያስተያየው። ካልቀነሰ ሌላ ይሞከር። ከቀነሰ ቢሾፍቱና ሞጆ ይቀጥሉ፤ ለሐዋሳም ንድፉ ከወዲሁ ይላክላት።