ካሳና ዋስ የሌለው የፋብሪካ እርቅ

በወሎ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ሁለቱን ወገን በየተራ ይሰማል፣ በዳይና ተበዳይን ይለያል፣ ካሳ ይቆርጣል፣ እርቁ እንዳይፈርስ ዋስ ያስጠራል። ምርቃቱና ዱዓው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ የሥራ ቦታዎቻችን ግን ከዚህ ሥርዓት የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ማብቂያው ብቻ ነው። ሠራተኛና አለቃ ሲጋጩ ቢሮ ተጠርተው “በሉ ተሳሳሙ” ይባላሉ፤ ያጋጫቸው ነገር ባለበት ይቀራል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!

በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀምሮ የስፌት መስመር ያለበትን ቦታ ሁሉ እናስብ። ጥራት ተቆጣጣሪ አንድ እስር ልብስ ይመልሳል። ማን እንደሰፋው ካልታወቀ የመስመር ኃላፊው የሚቆጣው ቅርብ ያለችውን ነው። እሷም ትመልስለታለች። ቢሮ የሚደርሰው ወሬ “ኃላፊዋን ሰደበች” የሚል ነው። እዚህ ላይ ካሳው ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ በሰው ፊት የተወቀሰችው በዚያው ሰው ፊት ስሟ ይጽዳ፣ ከዚያም በየእስሩ ላይ የሰፊዋን ቁጥር የያዘ ወረቀት ይታሰር። ይህ ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ ተረኛ ናት።

ሌላው የጠብ ምንጭ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ተባዝቶ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይከፈላል። ሠራተኛው ስሌቱን በክፍያ ወረቀቱ ላይ ካላየ ትክክል የተከፈለውም ተበደልኩ ይላል፤ አይፈረድበትም።

ሜየርና አለን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ሰውን ከሥራው የሚያስተሳስሩትን በሦስት ከፍለዋቸዋል፦ መውደድ፣ የመልቀቅ ኪሳራን መፍራትና የግዴታ ስሜት። ያልተፈታ ጠብ ቀድሞ የሚበላው መውደዱን ነው። ሠራተኛው ላይለቅ ይችላል፤ የሚቀረው ግን ሌላ ሥራ ስላጣ ነው። ማሽኑ ያልተለመደ ድምፅ ሲያሰማ አይናገርም፣ ለአዲስ ሠራተኛ ሥራ አያሳይም። የመልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ የሚቆጥር አስተዳደር ይህን አያየውም።

ጠቡ በተነሳ ማግስት፣ ቢዘገይ በሁለተኛው ቀን፣ ሁለቱ ለየብቻ ይሰሙ። መጀመሪያ የበታቹ ይሰማ፤ አለቃው ከቀደመ ሰሚው ፍርዱን ይዞ ይጠብቃል። ሰሚው የዚያ መስመር ሰው አይሁን። ስምምነቱ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚለወጥና እስከ መቼ የሚሉ ሦስት የጽሑፍ መስመሮች ይበቃሉ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። አቤት ያለችውን ወደ ሌላ ፈረቃ ማዛወር ትልቁ ስህተት ነው፤ ለአስተዳደሩ መፍትሔ ይመስላል፣ ለሌሎቹ ግን “የተናገረ ይቀጣል” የሚል ማስታወቂያ ነው።

ዋሱም አይረሳ። የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ወይም ሁለቱም የሚያከብሩት አንጋፋ ሠራተኛ ይሁን፤ ስሙ ከፊርማዎቹ ሥር ይጻፍ። ጠቡ የክፍያ ከነበረ በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን የክፍያ ወረቀቱን ከሠራተኛዋ ጋር ሆኖ ይይ፤ ካልተስተካከለ አስተዳደሩን የሚጠይቀው እሱ ነው።