ሐይቅ ያያል፣ ዋጋው በውስጥ መስመር

ሐዋሳ ውስጥ ቤት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ቤቱን አይደለም። ሐይቁን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳ፣ ጀልባ ያለበት ሐይቅ። ቀጥሎ ታቦር ተራራ ይመጣል። ቤቱ ራሱ ዘግየት ብሎ ብቅ ይላል፤ እሱም ግማሹ። ሌላው ግማሽ ላይ የደላላው ስልክ ቁጥር በቀይ ተጽፎበታል።

ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ቤት ማየት እወዳለሁ። የመግዛት አቅሙ የለኝም። ግን ቤትን አጥርቶ የሚያየው የማይገዛ ሰው ነው። ገዢማ ካሬውንና ዋጋውን አይቶ ይደውላል። ጥግ ላይ የቀረችውን ነገር የሚያይ እንደኔ ሥራ የፈታ ነው።

"ሐይቁን ቁልጭ አድርጎ የሚያይ" የተባለ ቤት ቪዲዮ ነበር። ደላላው እያለከለከ ደረጃውን ይወጣል። ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ሮቶውን ተደግፎ በእግሩ ጣት ይቆማል። ካሜራውን በሁለት ጎረቤት ፎቆች መሐል ያሾልከዋል። የሆነች ሰማያዊ ነገር ብልጭ ትላለች። "ይኸው ሐይቁ!" ከጎረቤቶቹ አንዱ ሮቶውን ትንሽ ወደ ግራ ቢያስጠጋ ሐይቁ አለቀ።

ሌላው ደግሞ "ከሐይቁ 300 ሜትር" ይላል። እዚህ ላይ ሰውየውን አላማውም። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ውሃው ከፍ ብሎ ዳርቻውን ይገፋል። ታጋሽ ገዢ ካገኘ፣ 300ው ሜትር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊቀንስለት ይችላል።

ከውስጥ ያየሁት አንድ ቤት ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። "ጂ+1፣ ወደ ጂ+3 የሚያድግ" ተብሏል። ሳሎኑ መሐል ደረጃ አለ። እብነ በረድ የለበሰ፣ መደገፊያው ወርቃማ ቀለም የተቀባ ደረጃ። ይወጣል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ኮርኒስ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ላዩ ላይ ወደ ሰማይ የቆመ ፌሮ እንጂ ፎቅ የለም። ቤተሰቡ ግን ደረጃውን ሥራ አላስፈታውም። የልጆቹን የምረቃ ፎቶ ደርድሮበታል። ዲፕሎማው ታች፣ ዲግሪው መሐል፣ ማስተርሱ ኮርኒሱ ሥር። ዶክትሬት የሚያመጣ ልጅ ከተገኘ ኮርኒሱ መቀደዱ ነው።

ጃኩዚ ያላቸውም አሉ። ጃኩዚው ውስጥ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ውሃ በፈረቃ በምትመጣበት ሰፈር ሌላ ምን ይደረግበት?

አሞራ ገደል አካባቢ የተነሳ ቪዲዮም አይቻለሁ። ደላላው ስለ ግቢው ፀጥታ እያወራ ከኋላው አንድ አባ ኮዳ አጥሩ ላይ ቆሟል። ራሱ በራ፣ ክንፉን እንደ ጥቁር ኮት ደርቦ፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱ ኮሚሽን የሚካፈሉ ነበር የሚመስሉት።

ደግሞ ቤቱ ጨርሶ የማይወራበት ማስታወቂያ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ቤቱ ደግሞ አንዲት ክፍል ጭቃ ናት። ግድግዳዋ አብጧል፣ በሯ በሽቦ ታስሯል፣ ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ዋጋዋ ግን የቪላ ነው። ማስታወቂያው ስለ እሷ ትንፍሽ አይልም። "300 ካሬ፣ ማዕዘን ቦታ፣ ካርታው የጠራ" ነው ወሬው ሁሉ። በሕግ ዓይን ግን ያ ሁሉ ሚሊዮን የሚከፈለው ለጭቃዋ ነው። ገዢው ውል ይፈራረማል፤ በሳምንቱ ያንን ሁሉ ብር ያወጣበትን ቤት ዶማ ይዞ ያፈርሰዋል። ጎረቤትም "እንኳን ደስ ያለህ" ይለዋል።

ካናዳ ያለው የአክስቴ ልጅ በስልኩ ሲያይ አቶቴ አካባቢ አንድ ቤት ወደደና "ሄደህ በዓይንህ እይልኝ" አለኝ። ደላላው በባጃጅ ወሰደኝ። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ተቀበሉን።

ሳሎኑ እውነትም ከፎቶው ይበልጣል። ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው። ዙሪያውን ቀለሙን የሚቀያይር መብራት ይዞረዋል። ሶፋው ግን ገና ላስቲኩ አልወጣለትም፤ ስቀመጥ ተንጫጫብኝ።

"ና ደግሞ ኪችኑን እይ" አሉኝ።

ካቢኔው ነጭ፣ ግራናይቱ ጥቁር። አንድ ጠብታ ዘይት የለበትም። የቁሌት ሽታ የሚባል ነገር የለም። ባለ ኦቭኑ ምድጃ ላይ ሲገዛ የነበረው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

"እማማ፣ እዚህ ነው የሚያበስሉት?"

"እዚህ?" ደነገጡ። "ኧረ ይጨስብኛል ልጄ!"

በጓሮ በኩል ወሰዱኝ። ሰርቪስ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሕይወት ተጀመረ። ምጣዱ ተጥዷል። ሽሮው ከሰል ላይ ይንተከተካል። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ አንድ አጎት ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ጋዜጣ ያነባሉ። ቤተሰቡ በሙሉ እዚያች ሁለት ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው። ትልቁን ቤት ጠዋት ጠዋት ይጠርጉታል፣ ይወለውሉታል፣ ይቆልፉታል። ለእንግዳ ነው። ማስታወቂያው ይሄን ሁሉ ኑሮ "ሰርቪስ አለው" ብሎ በሁለት ቃል አልፎታል። የሚሸጠው እንግዳ ማረፊያው ነበር ለካ። የአክስቴ ልጅም ቢገዛው ካናዳ ሆኖ የሚኖረው ሌላ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ቤቱ የለመደውን ነው የሚያገኘው።

ደላላው ሰዓቱን እያየ "እማማ፣ ካርታውን ያሳዩት እስቲ" አላቸው።

ወደዚያ ወደማይጨስበት ኪችን ተመለስን። ኦቭኑን ከፈቱት። የቤቱ ካርታ፣ የግብር ደረሰኞች፣ የልደት ካርድ፣ ሁሉም በፌስታል ተጠቅልሎ በየመደርደሪያው ተሰድሯል።

"አይጥ አይገባበትም" አሉኝ። "ሌባም ቢሆን እዚህ አይፈልግም።"

ካርታው ንጹሕ ነው። ለአክስቴ ልጅ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ወዲያው መለሰ፤ "ምድጃው ከቤቱ ጋር ነው?"

ጠየቅኋቸው።

"ምድጃውንማ አልሰጥም።"

"ኧረ እማማ!" አለ ደላላው። "አንድ ቀን እንኳ ለኩሰውት አያውቁም እኮ!"

እማማ የኦቭኑን በር ቀስ አድርገው ዘጉት። "ታዲያ የምገዛውን ቤት ካርታ የት ላድርገው?"