ቡታጋዝ ጭስ ስለሌለው ሳንባ አይነካም?

እህቴ፣ «ቡታጋዝ ጭስ የለውም፤ በር ዘግተሽ ብታበስዪም ሳንባ አይነካም» ያልሽው ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው ስለሚያምንበት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ግማሹ እውነት ነው። ከማገዶና ከከሰል ቡታጋዝ በጣም ይሻላል፤ ወደ ከሰል ተመለሱ በፍጹም አልልም። ግን ጭስ አልታየም ማለት አየሩ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። የነበልባሉ ሙቀት አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ኦክስጅን ያዋህዳል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጎጂ ጋዝ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። የመተንፈሻ ቧንቧን ይቆጠቁጣል፣ አስምን ያባብሳል። ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበልባልም ያወጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የዚህን ጋዝ የዓመት አማካይ ገደብ በሜትር ኩብ አየር ከ40 ወደ 10 ማይክሮግራም አውርዶታል።

ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ካጠቆረ ደግሞ በደንብ እየነደደ አይደለም። ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝም ይጨመራል።

የጅማ ዝናብ መስኮት አያስከፍትም፣ አውቃለሁ። እኛም ቤት ሽሮው ሲንተከተክ መስታወቱ ያልበዋል፤ የቡናው ከሰል እዚያው ይቀጣጠላል። ቢያንስ ምድጃው እስኪጠፋ መስኮቱን ገርበብ አድርጊው። አስም ያለበትን ልጅ ከምድጃው አርቂው። ቡናውን በረንዳ ላይ አፍዪው።