ግማሽ ሚሊሜትር ምስጋና

ጣና ዳር አንድ ርክክብ ላይ ተገኝቼ ነበር። ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር አዲስ የፋይበርግላስ ጀልባ ሲሰጥ። እሰይ! ባነር ነበረ፣ ሪባን ነበረ፣ ኮፍያና የታሸገ ውሃ ታድሏል። ጀልባዋ ብቻ ውሃ አልደረሳትም። ሣር ላይ እንደተቀመጠች ተረከቧት። 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ አሥር እርምጃ ላይ ተዘርግቷል፤ ትዝ ያለው ሰው ግን የለም። ደግሞስ ሙሽራን በሰርጓ ቀን ማን ያረጥባል?

ቁጥጥራችንም ይበል የሚያሰኝ ነው። አንድ ኃላፊ ቀረብ ብለው፣ የበግ ላት እንደሚዳስስ ሰው ጎኗን መታ መታ አደረጓት። «ጠንካራ ናት» አሉ። ፈረሙ። ተጨበጨበ።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ግን ደስታችንን ሊያደፈርሱ መጡ። ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አውጥተው ጎኗን ያንኳኩ ጀመር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ... ድፍ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው።»

«አባባ፣ ይቺ እኮ ዘመናዊ ናት!» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋይበርግላስ የሚሠራው የመስታወት ጭረት ምንጣፍ በሬዚን፣ ማለትም ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ እየራሰ ሲደራረብ ነው፤ በመሃል የሚቀረውን አየር በሮለር ተጭኖ ማስወጣት ያስፈልጋል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። የኛ ባለሙያ ደግሞ ሩኅሩኅ ነው፤ አየሩን ከቤቱ ማፈናቀል አልሆነለትም።

ሬዚኑን የሚያጠነክረው ሃርድነርስ? ሌላ አገር ይመዘናል አሉ። በክብደት ከሬዚኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ። ይኼ እጁን ለማያምን ሰው ነው። እኛ ጋ እንደ ወጥ ጨው በግምት ነው። ሲበዛ ሬዚኑ ግሎ ይሰነጠቃል፤ ሲያንስ በደንብ ሳይደርቅ ይቀራል፣ ጀልባዋም ወር ሙሉ ትሸታለች። ታዲያ አዲስ ዕቃ መሽተቱ ብርቅ ነው?

ያን ሁሉ ንግግር ያስደረገው ውበት ጄልኮት ይባላል። ከላይ ያለው የሚያብረቀርቀው ሽፋን። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ሦስት ኃላፊዎች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ስለ ግማሽ ሚሊሜትር ተናገሩ። እንዲህ ያለ አንደበት የት ይገኛል?

ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳም መወደስ አለበት። ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። የብሎኑ ቀዳዳ በወጉ ካልታሸገ ውሃ ሰርጎ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ጨዋነቷን እዩልኝ፤ ገመናዋን ለማንም አታወራም። አንድ ቀን ሞተሩ ተነቅሎ ለብቻው ሊዋኝ ሲወርድ ነው የሚታወቀው።

ፋይበርግላስ ራሱ ከውሃ ይከብዳል። ጀልባዋ ውሃ ከሞላት ትሰምጣለች ማለት ነው። ወለሉና ወንበሩ ሥር ፎም የሚደረገው ለዚህ ነው። አሜሪካኖቹማ ከ20 ጫማ ለሚያንሱ ለአብዛኞቹ የሞተር ጀልባዎች በሕግ አስገድደውታል። ፈሪዎች! የኛን ወንበር መታ ባደርገው ከበሮ ነው። «ዕቃ ማስቀመጫ ነው» ተባልኩ። ክዳን ግን የለውም።

አጠገቧ አንዲት የደንገል ታንኳ ነበረች። ንግግር ያልተደረገላት። ውሃ ስትጠጣ ዳር ትወጣለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ጠግባ ጠጥታም ትንሳፈፋለች። ኋላቀር! ሠሪዋ ነው አሉ የሚቀዝፋት። ውስጧን እንደ ላይዋ አጥብቆ ያሰራት ለዚህ ይሆናል፤ እንግዲህ ሰው መጠራጠር ከጀመረ ምን ይደረጋል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ጀልባችን እዚያው ሣሯ ላይ ናት። በአንድ ጎኗ ተደግፋ ቆማለች። ለካ የላይና የታች አካሏ የተያያዘው በቡሎን ከነዳዶው ሳይሆን በአጫጭር የእንጨት ብሎንና በሲሊኮን ኖሯል፤ በመገጣጠሚያዋ ውሃ ታስገባለች። ለሠሪዎቿ ተደወለ። ቅልጥፍናቸው ያስቀናል፤ በማግስቱ መጡ። አንድ ቆርቆሮ ቀለም ይዘው።

ሽማግሌው ሥሯ ቁጭ ብለው መረባቸውን ይጠግናሉ።

«እንዴት ናት አባባ?»

ቀና ብለው አዩዋት።

«ለጥላ ማለፊያ ናት ልጄ።»