የጉበቱ ሕክምና ለምን ይቆያል?

«የሲዲ4 ቁጥርዎ ጥሩ ነው፤ የጉበቱ ነገር ይቆየን።» ኤችአይቪና ጉበትን የሚጎዳው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ አንድ ላይ ለያዙት ሰው እንዲህ ሲባል ሰምቶ ዝም ማለት ይከብደኛል። ሲዲ4 የሚባሉት ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የሰውነት መከላከያ ሴሎች ናቸው፤ ቁጥሩ ሴሎቹ ስንት እንደሆኑ እንጂ ምን ያህል አቅም እንደቀራቸው አይናገርም።

ሄፓታይተስ ሲ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከመቶ ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት ቫይረሱን ያስወግዱታል። ለዚህ የሚያበቃቸው በተለይ ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ትብብር ነው፤ ከእነሱ አንዱ ሲዲ8 የተበከለውን የጉበት ሴል ያጠቃል፣ ሲዲ4 ደግሞ ከኋላ ሆኖ ያጸናዋል። ኤችአይቪ የሚመታው ይህንኑ ደጋፊ ነው። ድጋፍ ያጣው ሲዲ8 ወዲያው አይጠፋም፤ ከማያልቅ ቫይረስ ጋር ሲታገል ውሎ ሲያድር ግን ይዝላል። ሥራውን የሚገታው ፒዲ-1 የተባለ ፕሮቲን በላዩ ላይ ይበዛል። እያለ የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱ ቫይረሶች ያሉበት ሰው ሄፓታይተስ ሲን በራሱ የማጥፋት ዕድሉ የሚያንሰውም በዚህ የተነሳ ነው።

ሌላም አለ። ኤችአይቪ ገና ከጅምሩ በአንጀት ግድግዳ ያሉትን ሲዲ4 ሴሎች ይጨርሳል። ግድግዳው ሲሳሳ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ይሾልካል፤ ከአንጀት የሚነሳው ደም ደግሞ በቅድሚያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነው። አስቀድሞ በቆሰለ ጉበት ላይ ይህ ሲጨመር ጠባሳው ይፈጥናል። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳቱን ያረግበዋል፤ ፈጽሞ ግን አያስቀረውም።

ሄፓታይተስ ሲ ኢንተርፌሮን በተባለው መርፌ ይታከም በነበረበት ዘመን ማመንታቱ ይገባኝ ነበር፤ 48 ሳምንት መርፌ ተወግተው ሳይድኑ የሚቀሩት ብዙ ነበሩ። ዛሬ ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቁት ክኒኖች አብዛኛውን ጊዜ በ8 ወይም በ12 ሳምንት ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይፈውሳሉ፤ ኤችአይቪ ያለባቸውንም ጭምር። ሐኪሙ መድኃኒቶቹ እንዳይጋጩ ማየት፣ ሄፓታይተስ ቢ መኖር አለመኖሩንም አስቀድሞ መመርመር አለበት። ይህ ግን የዝግጅት ጉዳይ ነው፤ ለዓመታት ማዘግየት የሚያስፈልገው አይደለም። ከፈውስ በኋላ የዛሉት ሴሎች በከፊል ቢያገግሙም ወደ ቀድሞ ብርታታቸው ሙሉ በሙሉ አይመለሱም፤ መዘግየቱን የምቃወመው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

ምርመራውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሲዲ4 እጅግ የወረደበት ሰው ግን ይህን ላያመርት ስለሚችል፣ ቫይረሱን ተሸክሞ «ነፃ ነዎት» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው የቫይረሱ አርኤንኤ (የዘር ቁሱ) ራሱ በደሙ ውስጥ ይፈለግለት።